የቦኬ ሽንኩርት ዱቄት

ዶክተር ዳግማዊ ዋና ሳጅን እንዳሻውን የሰደበው የካቲት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቦታው ጭሮ፣ ከመናኸሪያው በላይ ዳገቱ ጫፍ ያለው ቤተ ሙከራ ነበር፤ ሰበቡ ደግሞ የጠፋ ማይክሮስኮፕ። እንዳሻው ደብተሩን አውጥቶ የዕቃውን ሙሉ ስም ሊጽፍ «አንዴ ይድገሙልኝ» ቢል፣ ዶክተሩ ጽዳቷ ሎሚና ዘበኛው ፋሩቅ እየሰሙ፣ «ሰባት ጊዜ ብደግመው አይገባህም። ሂድና አለቃህን የሚያነብ ሰው ላክልኝ በለው» አለው። ሎሚ አንገቷን ደፋች። ፋሩቅ ያልመጣበትን ሳል ሳለ። እንዳሻው ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ማቋረጡን ከተማው ሁሉ ያውቅ ስለነበር ስድቡ የሚያርፍበትን አላጣም። ማይክሮስኮፑን በአራተኛው ቀን ከነሳጥኑ አገኘው። ያመሰገነው ግን አልነበረም።

ሦስት ዓመት አለፈ። እንዳሻው ያቺን ቀን እንደታመመ ጥርስ በምላሱ እየነካካ አቆያት። ከዚያ አንድ ዐርብ አመሻሽ ላይ ያው ዶክተር ሞቶ ተገኘ ተባለና በባጃጅ ያንኑ ዳገት ወጣ።

ሟቹ በቢሮው ወለል በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ ክንዱን ትራስ አስደግፎ ነበር። ዐርብ ዐርብ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሩን ገርበብ አድርጎ መቃም ልማዱ ነው። ግራ ጉንጩ አሁንም በቅጠል እንደተወጠረ ነው። ከከንፈሩ እስከ አገጩ አረንጓዴ አረፋ ደርቆበታል፤ ዓይኑ ተከፍቶ በሩን ያያል። እንዳሻው በሆዱ፣ «እንግዲህ ማን ያንብብልህ» አለ። ወዲያው ከዚያ ከተከፈተ ዓይን ጋር ተፋጠጠና ፊቱን አዞረ።

ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አየ። ከጫቱ የተረፈው ገረባ ጥግ ላይ ተከምሯል። የለውዝ ሳህን አለ። ግማሽ የደረሰ ሃይላንድ አለ፣ በውስጡ ያለው ነገር ጥርት ያለ፣ እንደ ምንጭ ውሃ። በአጭሯ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የኩባያ ቂጥ የሚያህል የሚያጣብቅ ክብ ምልክት ቀርቷል። ጥቃቅን ጉንዳኖች ከበውታል፤ ግማሾቹ ይርመሰመሳሉ፣ ግማሾቹ እዚያው ሞተዋል።

ኮማንደር ሮባ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ሃይላንዱን በጓንት አንስቶ፣ «ውሃ አይደለም፤ ይቺ ልጅ ነግራናለች» አለ።

«ይቺ ልጅ» ያላት ኤደን ናት፤ እዚያው ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምትሠራ ተማሪ።

«ፐርኦክሳይድ ነው፣ ብርቱ ኬሚካል» አለች። «ለሙከራችን የምንጠቀምበት። የበግ ደም ላይ ስናፈስበት የደሙ ሕዋስ ይፈነዳል። ቢጫውን ዱቄት ቀድመን ከጨመርንበት ግን ይተርፋል። ዱቄቱ ደሙን ከዝገት ይጠብቀዋል እንደማለት ነው።»

«የምን ዱቄት?» አለ እንዳሻው።

«ኩዌርሴቲን ይባላል። ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የሚወጣ ነው። መምህር ኢያኤል ናቸው ከቦኬ ወረዳ ሽንኩርት ያወጡት፤ የዶክትሬት ሥራቸው ነው።»

ኢያኤል በሩ ላይ ቆሟል። የሟቹ ምክትል ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ። «እግዚአብሔር ያጽናን» ብቻ አለ።

በዚህ መሀል ከጓሮ ጩኸት ተሰማ። አንድ ፖሊስ ከቧንቧው ሥር የልብስ ገንዳ አግኝቷል። በገንዳው ውስጥ የዶክተሩ ነጭ ጋዋን ተነክሯል፤ ሁለቱም እጅጌዎች ቀይ ናቸው።

«ደም!» አለ ፖሊሱ።

«ማሎ! ደም አይደለም!» ሎሚ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት። «ሲሰጠኝ ቢጫ ነበረ። ሳሙና ሲነካው ቀላ። ወላሂ፣ ሳሙና ሲነካው!»

ኮማንደሩ ሳቀ። «ቢጫ ነገር በሳሙና ደም ይሆናል? እንዲህ ያለ ሳሙና የት ይሸጣል?»

እንዳሻው ገንዳው ላይ አጎነበሰ። ሚስቱ ጥላው ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ሸሚዙን የሚያጥበው ራሱ ነው፤ ወጥ ሲሠራም ይንጠባጠብበታል። የቀላው ነገር እርድ መሆኑን ባየበት ቅጽበት አወቀ። አፉን ሊከፍት ሲል ኮማንደሩ፣ «አንተ እንዳሻው፣ ፎቶህን አንሳ። አስተያየት የሚሰጥ ሰው ሞልቶናል» አለው። እንዳሻው አፉን ገጠመ። «የሚያነብ ሰው አይደል የፈለጋችሁ? ያንብቡላችኋ» አለ በሆዱና ካሜራውን አነሣ።

የኮማንደሩ መደምደሚያ አጭር ነበር። ሎሚ ፊደል አታውቅም፤ የሟቹን ውሃ የምትሞላው እሷ ናት፤ ፐርኦክሳይዱን ውሃ መስሏት ቀዳች፤ ሰውዬው ከአፉ ደም ሲተፋ ደነገጠች፤ ልብሱን አጥባ ልትደብቅ ስትል ተያዘች። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሎሚን የፊጥኝ ባያስሯትም ክንዷን ይዘው በፒካፑ ጫኗት። የስምንት ወር ሕፃኗ ጎረቤት ቤት ነበር።

ቅዳሜ እንዳሻው ቀኑን ሙሉ ሰላም አጣ። ፊቱን ሲላጭ ከመስታወቱ ኋላ ያው ድምፅ መጣበት፤ የሚያነብ ሰው ላክልኝ። ገበያ መሀል የጫት ነጋዴዎች ሲጯጯሁ በመሀላቸው ያው ድምፅ አለ። ከሆስፒታል የተላከውን ወረቀት ፊደል በፊደል አነበበው፤ ጉሮሮው ተቃጥሏል፣ ደሙ ውስጥ አረፋ ተገኝቷል ይላል። በደሙ ውስጥ አረፋ! ሰው እንደ ድስት ፈልቶ ሞተ ማለት ነው። ያን ሌት ያለመው ያንን አረንጓዴ አገጭ ነው፤ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣውም።

እሑድ ጠዋት ተረኛ ሆኖ ጣቢያ ገባ። ሎሚ የእስረኛ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት በጡቷ ወተት ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሷል።

«ልጅሽ ምን እየጠጣ ነው?» አላት።

«ጎረቤቴ የላም ወተት በማንኪያ ትሰጠዋለች። ይተፋዋል አሉ።» ቀና አለች። «ጋሼ፣ እኔ ያን ነገር ውሃ ይመስለኛል? ባለፈው ዓመት ጠብታው ነካኝ። ጣቴ እንደ ኖራ ነጣ፣ አቃጠለኝ። ፋሩቅ በቧንቧ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠበልኝ። ኢቢዳ አዲ ነው የምለው፣ ነጭ እሳት። ቡናማው ብልቃጥ ያለበትን መደርደሪያ በመጥረጊያ ጫፍ ነው የምጠርገው። ፊደል ባላውቅ እሳት አላውቅም?»

እንዳሻው ከተቀመጠችበት ግድግዳ ሥር ተነሣ። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለሟቹ ሳይሆን ለዚያ ለራሰው ደረት ሮጠ።

መጀመሪያ ኤደንን ቤቷ አገኛት። አባቷ የጫት ነጋዴ ናቸው፤ በረንዳው በጫት እስር ተሞልቷል።

«ዐርብ ዶክተሩ ጋ ገብተሽ ነበር?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ። የደሙን ውጤት ልሰጣቸው። አላዩትም። ‹አስቀምጪው፣ ሰኞ ሁላችሁንም የምነግራችሁ ነገር አለ› አሉኝ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።»

«ከአንቺ በኋላ ማን ገባ?»

«እኔ ተመልሼ ስወጣ መምህር ኢያኤል በሩ ላይ ነበሩ። ፔርሙሳቸውን ይዘው።»

«ምን ይይዙበታል?»

«ዝንጅብል። ጉሮሯቸውን ስለሚያማቸው በስኳር አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ይዘውት ይዞራሉ። ስኳሩማ!» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «‹መምህር፣ ንብ ታረባለህ ወይ› ይሏቸው ነበር ዶክተር።»

ኢያኤል በሩን የከፈተው መጽሐፍ ቅዱሱን ታቅፎ ነው፤ ከጸሎት መምጣቱ ነበር።

«አብራችሁ ትቅሙ ነበር?»

«እኔ?» ከልቡ ተገረመ። «ቅጠሉ አፌ ገብቶ አያውቅም። ሽታው ራሱ ያመኛል። ሲቅሙ አጠገባቸው እንኳ አልቀመጥም።»

«ዐርብስ?»

«በር ላይ ቆሜ ደህና ያምሹ ብዬ ወጣሁ። ምስኪን ሎሚ! ማንበብ አለመቻል እንዴት ያለ ጉዳት ነው፣ ሳጅን።» ያን ሲል እንዳሻውን ከኮፍያው እስከ ጫማው አየው።

እንዳሻው የከተማውን ሁሉ አስተያየት ያውቃል። ይህንንም ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው።

ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው ሲደርስ ፋሩቅን በር ላይ ሃይላንድ እያጠበ አገኘው። ሽማግሌው በየቢሮው የሚጣለውን ባዶ ጠርሙስ ቅዳሜ ቅዳሜ ይለቅማል፤ ሚስቱ ወተት ትሸጥበታለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ ፋሩቅ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ና ተቀመጥ ልጄ። ብቻዬን ፈርቼ ነው ውጭ የተቀመጥኩት።»

«ምን ያስፈራዎታል?»

«እዚያ ቢሮ ውስጥ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወል ጮኸ። በሩ በእናንተ ማኅተም ተዘግቷል። ማን ነው የሚደውለው? ሰውዬው መሞቱን አልሰማም መሰለኝ።» ከዚያ ፍርሃቱን በሳቅ ሊሸፍን ፈለገ። «ለነገሩ ጉድ በዝቷል። መምህር ኢያኤልም መቃም ጀምሮልሃል!»

«ማን?»

«ወላሂ! ትናንት ከእሱ ቅርጫት ያነሣሁት ሃይላንድ ቅጠል በቅጠል ነው። ስንት ዓመት ‹ይሸተኛል› እያለ ሲያሳጣን! ተደብቆ ሲቅም ኖሯል።»

«አጥበውታል?»

«ገና ነው። ከጆንያው ሥር ነው።»

እንዳሻው በመሀረቡ ይዞ አወጣው። ከታች አረንጓዴ ዝቃጭ አለ፤ የላመ ቅጠል በአንገቱ ዙሪያ ተለጥፏል። ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። ልክ ያን ጊዜ ከተዘጋው ቢሮ ውስጥ ደወሉ ጮኸ።

ፋሩቅ «አኡዙ ቢላህ» ብሎ ተነሣ። እንዳሻው ማኅተሙን ቆርጦ ገባ። ፍራሹ ላይ የሰውነቱ ጉድጓድ አሁንም አለ። ድምፁ የሚመጣው ከጠረጴዛው መሳቢያ ነው። ሲከፍተው ትንሽ የደወል ሰዓት ናት፤ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በመቃሚያው ሰዓት፣ እንድትጮኽ የተሞላች። ከጎኗ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ ሁለት ብጣሽ ነጭ ጨርቅ። አንደኛው ጨርቅ ቢጫ ነው። ሁለተኛው ደም መስሏል። አንድም ፊደል አልተጻፈበትም።

እንዳሻው ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን አይቶ መልሶ አስቀመጣቸው። የሚያነብ ሰው ያማረው ሰውዬ፣ ሲሞት ያለ ፊደል የሚነበብ ነገር ትቶለታል።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መዝገቡ ከጣቢያ ሳይወጣ እንዳሻው ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰባቸው። ኮማንደር ሮባ የመጣው «አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ፣ ካጠፋሁ ማዕረጌን ይንሡኝ» ስለተባለ ነው። ኤደንና ፋሩቅ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ኢያኤል ወንበር ይዟል። ሎሚ በካቴና ናት።

«ኮማንደር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ይቅማሉ» አለ እንዳሻው።

«አንተ ሰውዬ፣ የመጣነው ለእኔ ምርመራ ነው?»

«ሲቅሙ የጠጡበት ሃይላንድ መጨረሻው ላይ ምን ይመስላል?»

ኮማንደሩ ተቆጥቶ ፋሩቅን አየ፤ ፋሩቅ በሳቁ ታፈነ። «ምን ይመስላል፤ ቅጠል ይመለስበታል። የኩሬ ውሃ ይሆናል።»

«ከሬሳው አጠገብ ያገኘነውስ?»

ኮማንደሩ የዐርቡን ጠርሙስ አነሣ። «ጥርት ያለ ነው።»

«ጉንጩ በቅጠል የተወጠረ ሰው አፉን ቢያስነካው ጥርት አይልም። ሌላም አለ።» ከጠርሙሱ ጥቂት በብርጭቆ ቀዳና አንድ ቀንበጥ በመዳፉ አሽቶ ጣለበት። ወዲያው ፈላ። አረንጓዴ አረፋ ብርጭቆውን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። ኤደን ፊቷን ሸፈነች፤ ያንን አረፋ ሁሉም የሟቹ አገጭ ላይ አይተውታል። «ሟቹ ከዚህ ጠጥቶ ቢሆን ጠርሙሱም እንዲህ ፈልቶ አረንጓዴ ሆኖ እናገኘው ነበር። ስለዚህ ይህ ጠርሙስ ከሞተ በኋላ ነው እዚህ የተቀመጠው። ያስቀመጠው ሰው ቃሚ ምን እንደሚጠጣ ያውቃል፤ እንዴት እንደሚጠጣ ግን አጠገቡ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም። ሎሚ ገረባውን በየሳምንቱ ትጠርጋለች። ፋሩቅ ጠርሙሱን ያጥባል። ኤደን ጫት መሀል ነው ያደገችው።»

ማንም ወደ ኢያኤል ዞሮ አላየም፤ ሁሉም ግን ስለ እሱ አሰቡ።

«ታዲያ በምን ጠጣው?» አለ ኮማንደሩ።

«ጉንዳኖቹ ነግረውናል፤ ጣፋጩ ጠራቸው፣ የተቀላቀለበት ነገር ገደላቸው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስኳር የነበረበት ኩባያ ተቀምጦ ነበር። ውሃ ጉንዳን አይጠራም፤ ለውዝም ክብ ምልክት አይሠራም። ከሬሳው ጋር ግን ኩባያም ጣፋጭም አላገኘንም፤ ሰው ወስዶታል። በስኳር የፈላ ዝንጅብል በፔርሙስ ይዞ የሚዞር ሰው ደግሞ አንድ ነው። የቃመ ሰው ምራቁ ደርቆ ይጠማል፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ሲሰጡት በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። መራራ መሆኑን የሚያውቀው ከወረደ በኋላ ነው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ኢያኤል፣ ድምፁ እንደለሰለሰ።

እንዳሻው ፋሩቅ የሰጠውን ጠርሙስ አወጣ። «ይኼኛው የዶክተሩ እውነተኛ ውሃ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ በዚያኛው ተተክቷል። ቅጠሉን ያያሉ። ቅዳሜ ጠዋት የተገኘው በእርስዎ ቅርጫት ውስጥ ነው። አፌ ገብቶ አያውቅም ብለውኛል። ታዲያ የማን አፍ ነው?»

ኢያኤል ከወንበሩ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ።

«ምክንያቱስ?» አለ ኮማንደሩ። አሁን ወደ ፊት ተጎንብሷል።

እንዳሻው መሳቢያውን ከፍቶ ሁለቱን ብጣሾች አሳየ። ከዚያ ከመደርደሪያው የኢያኤልን የቢጫ ዱቄት ብልቃጥ አወረደ፤ በአዲስ ጨርቅ ላይ ቆነጠረና በሳሙና አሸው። ጨርቁ በሁሉም ዓይን ፊት ቀላ።

«ከሽንኩርት ልጣጭ የወጣው እዚያው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል፤ ዶክተሩ ራሱ ሞክሮታል። ይህ ግን ማንኛዋም ወጥ የምትሠራ ሴት ታውቀዋለች። እርድ ነው። ዶክተሩ ይህን ሲፈትሽ ነው እጅጌው የቆሸሸው። ጋዋኑን ለሎሚ ሰጣት፣ ሎሚ በሳሙና አጠበችው፣ እኛ ደም አልነው።»

«አይሆንም!» ኤደን ጮኸች። «አንድ ዓመት ሞክሬዋለሁ። ይሠራ ነበር! ደሙ ይተርፍ ነበር!» ከዚያ የገዛ ቃሏ አቆማት። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እርድም... እርድም ደም ይጠብቃል። ለዚህ ነው ያልነቃነው።»

ኢያኤል እጆቹን አየ።

«ከአንድ ኩንታል ልጣጭ የማንኪያ ጫፍ የማይሞላ ነው የሚወጣው» አለ። «እሱም አይጠራም። ስድስት ዓመት! ቤተሰቦቼ ዶክተር ብለው መጥራት ጀምረዋል። ‹ሰኞ በሁሉም ፊት እናገራለሁ፣ ባለ እርዱ› አለኝ። ባለ እርዱ! እየሳቀ።» ቀና ብሎ እንዳሻውን አየው። «አንተንም አዋርዶሃል። ፋሩቅ ነግሮኛል። አንተ ታውቀዋለህ እንዴት እንደሚያቃጥል።»

«አውቀዋለሁ» አለ እንዳሻው። «የእኔን ግን ለስምንት ወር ልጅ እናት አላሸከምኩም።»

ይህን ሲል የገዛ ድምፁ ባዶ ሆኖ ተሰማው፤ ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ኢያኤልን ይዘውት ሲወጡ ኮማንደሩ የእንዳሻውን ትከሻ መታ። «ዐርብ ዕለት ይህን ሁሉ ብታውቅ ኖሮ!» ብሎ ሳቀና ፒካፑ ውስጥ ገባ።

የሎሚ ካቴና ተፈታ። ጎረቤቷ ሕፃኑን አዝላ በር ላይ ትጠብቃለች። ሎሚ ሮጣ ተቀበለችው፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችው። ሕፃኑ ያዘ፤ ለቀቀ፤ እንደገና ያዘና አለቀሰ። ጡቷን በጣቷ ጨመቀችው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነጥፏል። ጎረቤቷ «ይመለሳል፣ አብሽሪ» ስትላት አልሰማቻትም። እንዳሻው ሊያልፋት ሲል ቀና አለች።

«ጋሼ» አለችው፤ ድምጿ ቁጣ የለበትም። «ዐርብ ማታ ገንዳው ላይ አጎንብሰህ አይቻለሁ። እጅጌውን አየህ፣ ከዚያ እኔን አየህ፣ ከዚያ ዝም አልክ። ያኔ አውቀኸው ነበር፣ አይደል?»

እንዳሻው ኮፍያውን አደረገ። የግቢውን በር አልፎ ዳገቱን በእግሩ ወረደ። የሕፃኑ ለቅሶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለው።